የትንሹ ስክሪን ትልቅ ቅሬታ

የኢቃማ እድሳት፣ የሥራ ውል ማረጋገጫ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የገንዘብ ዝውውር፣ የአውሮፕላን ትኬትና የዑምራ ፈቃድ ከጥቂት ዓመታት በፊት በወረፋና በወረቀት የሚፈጸሙ ጉዳዮች ነበሩ። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኞቹ የሚጀመሩትም የሚጠናቀቁትም በእጅ ስልክ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ አብሸር፣ ሙሳነድና ኑሱክ፣ በኳታር መትራሽ፣ በኩዌት ሳህል የተባሉት አገልግሎቶች በነዋሪው አንደበት እንደ ሰፈር ስም የተለመዱ ሆነዋል። ከእነዚህ ጎን ለጎን ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና መደብሮች ደንበኞቻቸውን የሚያስተናግዱት በድረ ገጽ ነው።

ይህ ለውጥ ብዙ እንግልት ቀንሷል። የዚያኑ ያህል ደግሞ አዲስ ምሬት ወልዷል። ፊደሉ የማይነበብ ገጽ፣ ጣት የማያገኘው ቁልፍ፣ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ የቀረ ሰንጠረዥ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ የተሞላውን ሁሉ የሚያጠፋ ቅጽ፤ እነዚህ የስልክ ተጠቃሚዎች በየዕለቱ የሚገጥሟቸው ናቸው። በቢሮ ለሚሠራ ሰው ስልክ ከኮምፒውተር ቀጥሎ የሚመጣ ረዳት መሣሪያ ነው። በሰው ቤት ለምትሠራ እህት፣ ለአሽከርካሪው፣ ለግንባታ ሠራተኛውና ለጥበቃው ግን ያለው ኮምፒውተር እርሱ ብቻ ነው። ገጹ በስልክ ካልሠራ «ማታ በኮምፒውተር እጨርሰዋለሁ» የሚባልበት ዕድል የለም። ቀነ ገደቡ ያልፋል፣ ቅጣት ይከተላል፣ ወይም ጉዳዩ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል።

አንድ ገጽ ለሁሉም ስክሪን

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 የመጀመሪያው አይፎን ለገበያ ሲቀርብ የስክሪኑ ስፋት 320 ፒክስል ነበር። በዚያ ዘመን ድረ ገጾች የሚሠሩት ለጠረጴዛ ኮምፒውተር በመሆኑ፣ የስልኩ ማሰሻ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው አድርጎ ይከፍትና ሙሉውን አጥብቦ ያሳይ ነበር። ተጠቃሚው በሁለት ጣት እያሰፋ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ ያነባል። አድካሚ ቢሆንም በገጹ ላይ ያለው ሁሉ አልጎደለም ነበር።

በዚያው ጊዜ ብዙ ድርጅቶች የተከተሉት መፍትሔ ለስልክ ብቻ የተለየ ሁለተኛ ድረ ገጽ ማዘጋጀት ነበር። ይህም የራሱን ጣጣ አመጣ። በስልክ የከፈተው ሰው ከዋናው ድረ ገጽ ጥቂቱን ብቻ ያገኛል፤ ወዳጁ የላከለትን ዜና ሊያነብ የገባው ወደ መነሻ ገጹ ይመለሳል፤ ድርጅቱም አንድ መረጃ ሁለት ቦታ እያስተካከለ ይደክማል።

በግንቦት 2010 ኤታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ «ኤ ሊስት አፓርት» በተሰኘ የሙያ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ለችግሩ ሌላ መንገድ አሳየ። ሐሳቡ አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን ያመቻች የሚል ነው። የገጹ ዓምዶች በቋሚ ልክ ሳይሆን በመቶኛ ይለካሉ፤ ምስሎች ከያዛቸው ቦታ አያልፉም፤ የስክሪኑ ስፋት ከተወሰነ ልክ ሲያንስ ገጹ ሌላ አደረጃጀት ይይዛል። ሦስት ዓምድ ጎን ለጎን የነበረው በስልክ ላይ አንዱ በአንዱ ሥር ይደረደራል። ይህ «ሪስፖንሲቭ» ወይም ተጣጣሚ ንድፍ የተባለው አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለም ልማድ ሆነ።

የተጠቃሚውም ብዛት አቅጣጫውን ደገፈ። ስታትካውንተር የተባለው የኢንተርኔት አጠቃቀም መለኪያ ተቋም ስለ ጥቅምት 2016 ባወጣው መረጃ በስልክና በታብሌት የሚደረገው የድረ ገጽ ጉብኝት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጴዛ ኮምፒውተሩን በልጧል። ጉግል በበኩሉ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በስልክ ለሚደረግ ፍለጋ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን ማስቀደም ጀመረ። በኋላም ድረ ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታየው ይዘታቸው እንዲሆን ወስኖ ይህንኑ ሽግግር በ2023 አጠናቀቀ። ስልክ ላይ የማይታይ ገጽ በፍለጋም የማይገኝበት ዘመን ደረሰ ማለት ነው።

ምሬቱ የሚነሳው ከየት ነው?

አሠራሩ ይህን ያህል ከተስፋፋ ቅሬታው ለምን አልቆመም? መልሱ «ተጣጣሚ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በስክሪኑ ልክ ለገባ ገጽ ሁሉ በመሆኑ ላይ ነው። ልብስ በሰውየው ላይ ስለገባ ብቻ ልኩ ነው አይባልም፤ እጁን ማንሳትና መቀመጥ መቻሉም መታየት አለበት።

ከተለመዱት ቅሬታዎች የመጀመሪያው የተደበቀ ማውጫ ነው። በሰፊ ስክሪን ላይ ከላይ ተዘርግተው የሚታዩት ርዕሶች በስልክ ላይ በሦስት አግዳሚ መስመሮች ሥር ይከተታሉ። ይህ ምልክት በ1981 ለወጣው የዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር በኖርም ኮክስ የተነደፈ ሲሆን፣ በስልክ ዘመን ዳግም ነፍስ ዘርቷል። ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ያልታየ ነገር አይታሰብምና ብዙ ሰው የሚፈልገው አገልግሎት በገጹ ላይ መኖሩን ሳያውቅ ይወጣል። የድረ ገጽ አጠቃቀምን የሚያጠናው ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ በ2016 ባወጣው ጥናት የተደበቁ ማውጫዎች ሰዎች የሚፈልጉትን የማግኘት ዕድላቸውን እንደሚቀንሱ አመልክቷል።

ሁለተኛው የተጨናነቀ ስክሪን ነው። ከላይ አልንቀሳቀስ ያለ የድርጅቱ አርማ፣ ከታች «ኩኪ ይፈቅዳሉ?» የሚል ጥያቄ፣ በጎን የውይይት ምልክት፣ በመሐል «መተግበሪያችንን ያውርዱ» የሚል ግብዣ ይደረደራሉ። ለንባብ የሚቀረው ቦታ የመስኮት ስንጥቅ ያህል ነው። የግብዣውን መዝጊያ ምልክት ለመንካት ሲሞክሩ ጣት አልፎ ማስታወቂያውን ይከፍታል። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው የሚንሸራተት ገጽ ነው። ጽሑፉ ቀድሞ ይደርስና ምስሎቹ ዘግይተው ሲመጡ ሁሉንም ወደ ታች ይገፉታል። ተጠቃሚው «ሰርዝ» ሊጫን ጣቱን ሲያወርድ ከሥሩ የሚያገኘው «ክፈል» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ጉግል በ2020 ይፋ ባደረጋቸው የገጽ ጥራት መለኪያዎች ውስጥ ይህን መንሸራተት ራሱን ችሎ እንዲለካ ያደረገው የብዙዎች ምሬት በመሆኑ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገጹን የሚሠራው ሰው ለእያንዳንዱ ምስል ቦታውን አስቀድሞ ቢይዝ ጽሑፉ ከስፍራው አይናወጥም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው በቅጾች ላይ ያለው ነው። የልደት ቀን የሚጠይቅ ቅጽ የዛሬውን ወር የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ይከፍታል እንበል። ወደ ኋላ የሚወስደው ቀስት በአንድ ንክኪ አንድ ወር ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ የ35 ዓመት ሰው ወደ ተወለደበት ወር ለመድረስ 420 ጊዜ መንካት ይኖርበታል። አንዳንዱ ገጽ የቁልፍ ሰሌዳው ሲከፈት «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ከሥሩ ተሸፍኖ ይቀራል። ሌላው ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ የቁጥር ሰሌዳ በማምጣት ፈንታ የፊደል ሰሌዳ ያመጣል። የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ሲላክ ደግሞ ተጠቃሚው ቁጥሩን ለማየት ከገጹ ይወጣል። ማስታወሻው አነስተኛ የሆነ ስልክ በዚህ መሐል ገጹን ከአእምሮው ይጥለዋል፤ ሲመለሱም ቅጹ ባዶ ሆኖ እንደ አዲስ ይከፈታል። በውድ ስልክ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ችግር በርካሽ ስልክ ላይ የዕለት እንጀራ ነው።

አማርኛና ዐረብኛ በጠባብ መስመር

በአካባቢው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። አማርኛ ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ አሉታንና መስተዋድድን በአንድ ቃል ውስጥ የሚያጣምር ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ በስድስትና በሰባት አጫጭር ቃላት የሚገልጸውን አማርኛ «ለማያስፈልጋቸው» ብሎ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል። አጫጭር ቃላት በጠባብ መስመር ላይ በቀላሉ ይታጠፋሉ። ረጅም ቃል ግን አይታጠፍምና ወይ ከሳጥኑ ይወጣል፣ ወይ ያለ ቦታው ይቆረጣል፣ ወይም ቀሪውን በሦስት ነጥብ ይተካዋል። ለእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሠራ ቁልፍ ላይ የአማርኛ ትርጉም ሲጫን መጨረሻው የሚጠፋው ስለዚህ ነው። በአማርኛ ደግሞ አሉታን ጨምሮ ብዙ ቁም ነገር የሚያዘው በቃሉ ጫፍና ጫፍ ላይ በመሆኑ፣ የተቆረጠ ቃል የተገላቢጦሽ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል።

የፊደሉም ቅርጽ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የ«ሊ» እና የ«ሌ» ልዩነት ከእግራቸው ሥር ያለች አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ናት። በላቲን ፊደል በደህና የሚነበብ መጠን በግዕዝ ፊደል ላይ ቀለበቷን ያጠፋታል። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ገጹን በሁለት ጣት ለማስፋት ሲሞክር ደግሞ አንዳንድ ገጾች ማስፋትን ከልክለው ይጠብቁታል። አፕል በ2016 ባወጣው የአይፎን ሥርዓት ይህን የገጾች ክልከላ ችላ ማለት የጀመረው የማንበብ መብት ከንድፍ ውበት ይቀድማል ከሚል እሳቤ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የክሮም ማሰሻም በተደራሽነት ማስተካከያው ውስጥ ማስፋትን በግድ የሚፈቅድ ምርጫ አለው።

ዐረብኛ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። ገጹ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ አማርኛ ሲቀየር የጽሑፉ አቅጣጫ፣ የቀስቶቹ ፊትና የማውጫው ቦታ አብረው መገልበጥ አለባቸው። ይህ በጥንቃቄ ካልተሠራ «ቀጥል» የሚለው ቀስት ወደ ኋላ ያመለክታል። በዐረብኛ ሳጥን ውስጥ ዓለም አቀፍ የስልክ ቁጥር ሲጻፍ የመደመር ምልክቱ ከቁጥሩ ፊት ሆኖ ሳለ በኋላው ያለ መስሎ ይታያል። ጸሐፊው የተሳሳተ መስሎት ያጠፋና እንደገና ይጽፋል፤ ስህተቱ ግን የእርሱ አይደለም። በሦስት ቋንቋ መካከል የሚመላለስ ሠራተኛ ግራ ሲጋባ «ቴክኖሎጂ አይገባውም» ከመባሉ በፊት ገጹ የተሠራበት መንገድ ቢመረመር ይሻላል።

የማይታየው ክብደት

የስልክ ተጠቃሚው ለእያንዳንዱ ገጽ ዋጋ ይከፍላል። የድረ ገጾችን ይዘት በየጊዜው የሚለካው ኤችቲቲፒ አርካይቭ እንደሚያሳየው በ2022 የአንድ ገጽ መካከለኛ ክብደት በስልክ 2 ሜጋባይት ያህል ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት ምስሎችና የገጹን እንቅስቃሴ የሚያዙ ኮዶች ናቸው።

በዚህ ላይ የተጣጣሚ ንድፍ የተለመደ ጉድለት ይጨመራል። ለሰፊ ስክሪን የተዘጋጀ ትልቅ ምስል ወይም የጎን ዓምድ በስልክ ላይ እንዳይታይ ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚሆነው መደበቅ ብቻ ነው። ስልኩ ያወርደዋል፣ ተጠቃሚው ይከፍልበታል፣ ዓይን ግን አያየውም። በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ሰው ይህ የሰከንድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በካርድ በሚሞላ ጥቅል ለሚጠቀም ሠራተኛና በኢትዮጵያ ገጠር ሆኖ የላኩለትን ገንዘብ ለማየት ለሚሞክር ቤተሰብ ግን የብር ጉዳይ ነው።

«መተግበሪያችንን ያውርዱ» የሚለው ምክርም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ለየአገልግሎቱ አንድ መተግበሪያ የሚጭን ሰው የስልኩ ማከማቻ ቶሎ ይሞላበታል። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚፈጸም ጉዳይ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አጥፍቶ ቦታ መፍጠር ሊኖርበት ነው። በደንብ የተሠራ ድረ ገጽ ግን ያለምንም መጫን በማንኛውም ስልክ ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ተስፋውም ይኸው ነበር።

ጉድለቱ ለምን ይደጋገማል?

ገጾቹን የሚሠሩ ባለሙያዎች ክፉ ሐሳብ የላቸውም። የሚሠሩት ግን በሰፊ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነው። የስልኩን ገጽታ የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተሩ ላይ መስኮቱን አጥብበው ሲሆን፣ የሚጠቁሙትም በመዳፊት ቀስት እንጂ በአውራ ጣት አይደለም። ስቲቨን ሁበር የተባለ ባለሙያ በ2013 በአደባባይ ስልክ የሚጠቀሙ ከ1,300 በላይ ሰዎችን ተመልክቶ ባወጣው ጥናት፣ ግማሽ የሚጠጉት ስልካቸውን የሚይዙትም የሚነኩትም በአንድ እጅ ነበር። በአንድ እጁ ዕቃ፣ ልጅ ወይም የአውቶቡስ መደገፊያ የያዘ ሰው አውራ ጣቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ አትደርስም። አስፈላጊው ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያው ጥግ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት የቅደም ተከተል ነው። ገጹ በመጀመሪያ ለትልቁ ስክሪን ይነደፋል፣ በአለቆች ስብሰባ ላይ በግድግዳ ላይ ታይቶ ይጸድቃል፣ ከዚያ በኋላ ለስልክ «ይጠብባል»። ሉክ ሮብለውስኪ በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ የተቃራኒውን መንገድ መክሮ ነበር፤ በትንሹ ስክሪን ጀምሩ፣ ቦታ ሲጠብ የግድ የሚያስፈልገው ከማያስፈልገው ይለያል አለ። ምክሩ በቃል የተከበረውን ያህል በተግባር አልተከበረም።

ባለሙያዎቹ የሚያነሱት መከራከሪያም ሊደመጥ ይገባል። የስልክ ዓይነት ብዙ ነው፤ በሁሉም ላይ መሞከር ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ስልክ የተለየ ገጽ መሥራት ደግሞ ወደ አሮጌው ችግር መመለስ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም፣ ገጹ ከመለቀቁ በፊት በአንድ ርካሽ ስልክ፣ በደካማ መስመር፣ በአንድ እጅ ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞልቶ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ጉድለቶች አብዛኞቹ በዚያች ሰዓት ውስጥ ይታያሉ።

መለኪያው ተጽፏል

ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግር መመሪያ አልጠፋም። የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት በ2018 ያወጣው የተደራሽነት መመሪያ ገጾች 320 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ይዘታቸው ሳይጎድልና ወደ ጎን መግፋት ሳያስፈልግ መነበብ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ እንደ ካርታና ሰፊ ሰንጠረዥ ያሉት ብቻ የተለየ አስተያየት ተደርጎላቸዋል። ከዚያ ቀደም በ2008 የወጣው ጽሑፉን እስከ እጥፍ ማሳደግ እንዲቻል ይጠይቃል። በጥቅምት 2023 የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ስፋት፣ ወይም በዙሪያው በቂ ክፍተት እንዲኖረው ያዛል። አፕል ለመተግበሪያ ሠሪዎች 44፣ ጉግል ደግሞ 48 አሃድ ስፋት ይመክራሉ።

እነዚህ መመሪያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሱት አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ነው። ጥቅማቸው ግን ከዚያ ይሰፋል። ለደካማ ዓይን የተተወ ቦታ በፀሐይ ብርሃን ሥር ለሚያነብ የግንባታ ሠራተኛም ይጠቅማል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሰፋ ቁልፍ በሚንቀሳቀስ አውቶቡስ ውስጥ ላለም ይመቻል።

እስከዚያው ተጠቃሚው ምን ያድርግ?

ገጾቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ጥቂት ዘዴዎች ምሬቱን ይቀንሳሉ። አንድ አገልግሎት በስልክ ላይ ከጠፋ፣ በማሰሻው ማውጫ ውስጥ የኮምፒውተሩን ገጽታ የሚያመጣ ምርጫ አለ፤ ገጹ ቢጠብም የተደበቀው ይታያል። ሰፊ ሰንጠረዥ ሲገጥም ስልኩን ማጋደም ይረዳል። ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ብዙ ማሰሻዎች ማስታወቂያውን ሁሉ አስወግደው ጽሑፉን ብቻ የሚያሳይ የንባብ ገጽታ አላቸው። ቅጽ ከመጀመር በፊት የፓስፖርት፣ የኢቃማና የሒሳብ ቁጥሮችን ወረቀት ላይ አዘጋጅቶ መቀመጥ ከገጹ መውጣትን ያስቀራል። የማረጋገጫ ቁጥር ሲላክም መልእክቱን ከፍቶ ከመሄድ ይልቅ ከላይ ብቅ ሲል አንብቦ መጻፍ ይሻላል። ጉዳዩ እንዳለቀ የመዝገቡን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥም አይዘነጋም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ተስፋ ሲቆረጥ ነው። ቅጹ አልሞላ ሲል ብዙዎች ስልካቸውን ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሰው ሰጥተው «ሙላልኝ» ይላሉ። ከስልኩ ጋር የይለፍ ቃል፣ የማረጋገጫ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ አብረው ይሰጣሉ። አንዳንዱ በቅንነት ይረዳል፤ ሌላው ክፍያ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ሒሳቡን ባዶ አድርጎ ይሰወራል። እርዳታ ካስፈለገ ባለቤቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቁጥሩን ራሱ እየጻፈ፣ እያንዳንዱ ገጽ ምን እንደሚል እየጠየቀ ቢሆን ይመረጣል። የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ተጠይቆ የሚነገር ነገር አይደለም።

የማይመች ገጽ ጉዳቱ የሚለካው በጠፋው ደቂቃ ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በትክክል የተቀመጠ አንድ ቁልፍ አንዲት ሠራተኛ የውሏን ይዘት ራሷ አንብባ ራሷ እንድታጸድቅ ያደርጋታል። ያው ቁልፍ ከስክሪኑ ጥግ ሲወድቅ ውሏን የሚያጸድቅላት ሌላ ሰው ይሆናል። አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ ያዛወሩ ተቋማት ሁሉ ገጻቸውን ሲመዝኑ ይህችን ሠራተኛና በእጇ ያለውን ርካሽ ስልክ በፊታቸው ቢያስቀምጡ፣ ለእርሷ የሚመቸው ለሌላው ሁሉ እንደሚመች ያገኙታል።